የውሰት ጥላ

ውድ እትዬ፣

ለዝግባዎ ያጠጣሁት ውኃ አልነበረም።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። እርስዎም በአጥሩ ላይ እጄን ይዘው «እግዜር ይስጥሽ» ሲሉኝ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ። አሁን እርስዎ የሉም፣ እሱም የለም፣ ዛፉም ጉቶ ሆኗል። ለሰሚ የማይጠቅም እውነት ለተናጋሪው ምን ይረባዋል እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀመጥኩ። ሰኞ ዕለት ግን ዛፍ ቆራጩ ጋሼ መጋዝ መጥተው አንድ ነገር ጠየቁኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። እሱን ልንገርዎ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይገባም።

ሰዓት ሠሪ አግብቼ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ መጀመሪያ የገረመኝ ቤቶቹ መንገዱን አለማየታቸው ነበር። ሁሉም እንደተኳረፈ ሰው ጎናቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ፊታቸውን ወደየራሳቸው ማዕዘን አዙረዋል። «ሰካራም ነው እንዴ የሠራው?» ብዬ ባለቤቴን ስጠይቀው ሳቀብኝ እንጂ መልሱን አላወቀውም። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። የባለቤትዎ አባት ቀያሽ ነበሩ። ሰፈሩ ገና ሜዳ ሳለ መሬት ለሚወስድ ሁሉ አንድ ሕግ አወጡበት፤ መጀመሪያ ዛፍ ይተከላል፣ ዛፉ ክረምቱን ከርሞ መጽደቁ ሲታይ መሠረት ይቆፈራል፣ በሩም ዛፉን እንዲያይ ተደርጎ ይሠራል። «ዛፉ ያልጸደቀለት ሰው ኑሮውም አይጸድቅለትም» ይሉ ነበር አሉ። ስለዚህ ቤቶቹ የተጣመሙት ከመንገዱ ጋር ተጣልተው ሳይሆን ዛፋቸውን ሲያዩ ነው። መንገዱም ቢሆን ይሉኝታ ነበረው፤ ወይራው ጋ ሲደርስ ትከሻውን ሰብሮ፣ ዞሮ ያልፋል።

የቤት ቁጥር የሚባል ነገር በኋላ መጣ እንጂ ሰዉ የሚጠራው በዛፉ ነበር። ባለ ወይራው፣ ባለ ጽዷ፣ ባለ ባሕር ዛፎቹ። ልጅ ቢጠፋ «የባለ ጽዷ ልጅ ነው» ተብሎ ይመለስ ነበር። እርስዎ ባለ ዝግባዋ ነበሩ። ሲጠሩዎት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበረ ያውቃሉ? ዝግባው የሰፈሩ ሁሉ አንጋፋ ነበር፤ ቀያሹ በእጃቸው የተከሉት፣ ከሁሉ ፊት የጸደቀው።

እኛ ግን ዛፍ አልነበረንም። እርስዎ የሰጡን ቤት የቀያሹ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ገመድና ካስማ የሚጣልበት። ዕቃ ቤት ማንን ያያል? መስኮቱ በአጭሩ አጥር አሻግሮ የእርስዎን ዝግባ ያያል። ባለ ወይራው፣ ያ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ዝም ያለበትን ማታ በአጥር ላይ የሚያወጣው፣ ዕቃችንን ሳናወርድ መጥቶ ዙሪያውን ቃኘና፣

«ዛፋችሁ የታል?» አለን።

ባለቤቴ ወደ እርስዎ ዝግባ አሳየው።

«እሱማ የእትዬ ነው። እናንተ እንግዲህ ባለ ውሰት ጥላ ናችሁ!»

ተለጠፈብን። አላስቀየመኝም። እውነትም ከቀትር በኋላ ጥላው አጥሩን ተሻግሮ ጣሪያችን ላይ ይተኛ ነበር። ሌላው ቤት በሙቀት ሲነድ እኛ ቤት ወለሉ ይቀዘቅዛል። የዝግባው ሥር በእርስዎ ግቢ፣ በረከቱ በእኛ ቤት እያልኩ እስቅ ነበር።

ሥራዬን ያስታውሳሉ። የሰፈሩን ክሊኒክ አንሶላ አጥብ ነበር። ደም የነካው አንሶላ በሙቅ ውኃ አይታጠብም፤ ሙቀቱ ደሙን ጨርቁ ላይ ያበስለዋል። በቀዝቃዛ ውኃና በብዙ ጨው ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በረኪና ይገባል። ጓሮዬ ሁልጊዜ ጨውና በረኪና ይሸት ነበር፤ እጄማ እስከ ዛሬ ይሸታል። በየአንሶላው ጫፍ የክፍሉ ስም በቀይ ክር ተጠልፏል። ሰው ፊደል የሚቆጥረው ከገበታ ነው፤ እኔ የቆጠርኩት ከአንሶላ ጫፍ ነው። አንዱን አንሶላ ከሌላው ጋር እያስተያየሁ፣ ተመሳሳዩን ምልክት እየፈለግሁ፣ የማዋለጃው ከየት እንደሚጀምርና የቀዶ ጥገናው የት እንደሚያልቅ ለየሁ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ሳሰጣ ቆመው አዩኝ።

«እትዬ፣ ይቺ “ማ” ናት አይደል?»

«ናት።»

«ይቺስ “ዋ”?»

«ማነው ያስተማረሽ?»

«አንሶላው።»

ሳቁ። መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን እስኪጠርጉ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ሳቅ ብቻ አልሆነም። «ያነበብሽው እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ክፍል ነው» አሉኝ። አዋላጅ እንደነበሩ ያኔ ነው ያወቅሁት። በማግስቱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልለው በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። «አንብቢው እንጂ እንዳታጥቢው» ብለው። መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የተጠቀለለበትን ጋዜጣም ቃል በቃል ለቀምኩት።

ይህን ሁሉ የምነግርዎ ያደረግሁትን ያደረግሁት ደግነትዎን ሳላውቅ ቀርቼ አለመሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

የባለቤቴ የሥራ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነበር። ዓይኑ ላይ ማጉያውን ሰክቶ፣ ከጤፍ የምታንስ ብሎን በጉጠት ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይሠራል። በዚያ ዓመት ብሎኑ ይወድቅበት ጀመር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በመዳፌ እየዳበስኩ እፈልግለት ነበር። አንድ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ የሠራህልኝ ሰዓት ወደ ትናንት እየሄደ ነው» አለው። ሰው ሳቀ፤ ባለቤቴም አብሮ ሳቀ። በሩ ሲዘጋ ግን ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና፣

«ይቺ ጥላ ዓይኔን በላችው» አለ። «ብርሃን ብቻ ባገኝ።»

«ለእትዬ ብንነግራቸውስ? አንድ ቅርንጫፍ ቢያስቆርጡልን?»

«አብደሻል? ሰዎቹ ቤታቸውን ሰጥተውን ዛፋቸውን ቁረጡ ልንላቸው ነው?»

በዚህ ሰፈር በሰው ዛፍ ላይ አፍ አይከፈትም። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ባለ ወይራው አንዴ «ጽድሽ ጣሪያዬን ቆሻሻ አደረገው» ብሎ ለባለ ጽዷ በመናገሩ ሁለቱ ሰላምታ አቋርጠው፣ ልጆቻቸው በየተራ ተድረው እንኳ አልታረቁም። እኛ ደግሞ የራሳችን ዛፍ እንኳ የሌለን። ውሰት ይዞ ባለቤቱን ቀንስልኝ ይባላል?

በዚያው ሰሞን የበረኪናው ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ እየታገልኩ ነበር። ቃል ማንበብ ችያለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሙሉ ሐሳብ ግን ጨርሼ አላውቅም ነበር። ብቻዬን፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ መጀመሪያ የጨረስኩት እሱን ነው። «ተክል ስለሚያደርቅ ሥር ላይ አይድፉ» ይላል። ደስ ብሎኝ ደግሜ አነበብኩት። ሮጬ ለእርስዎ ልነግርዎ ነበር፤ አጥሩ ጋ ደርሼ ዝግባውን ቀና ብዬ አየሁት። ቆምኩ። ተመለስኩ።

የሰው ልጅ ስንት ዘመን ሳያነብ ኖሮ ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ ያገኘው ይህን መሆኑ! ጽሑፉ አትድፊ አለኝ። እኔ የሰማሁት እንዴት እንደሚደፋ ነው።

አጥሩ ሥር፣ ድንጋዩ በወደቀበት ቀዳዳ፣ የዝግባው ወፍራም ሥር ወደ እኛ ጓሮ ብቅ ይል ነበር። አጥቤ ስጨርስ የዘፈዘፍኩበትን የጨው ውኃና የበረኪናውን እጣቢ በአንድ ባልዲ እያደረግሁ እዚያ ደፋሁ። በሚቀጥለውም ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ። ልገድለው ነው አላልኩም። ቅጠሉ ትንሽ ይሳሳ፣ መስኮቱ ትንሽ ይብራ ነው ያልኩት። እትዬ፣ ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ነው! ዛፍ እንደ ፀጉር ይሳሳል ብዬ አመንኩ።

በጋው ጠንካራ ነበር። ቧንቧው ለሰልፍ እንጂ ለውኃ አይከፈትም ነበር፤ ሰው ጀሪካኑን ሰልፍ አስይዞ ራሱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በዚያ መሐል ነው እርስዎ ባልዲውን ስደፋ ያዩኝ።

«አንቺ ልጅ!» አሉኝ። «ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንቺ ዛፌን ታጠጫለሽ?»

«እጣቢ ነው፣ እትዬ።»

እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ የተናገርኩት እውነት ያቺ ብቻ ናት።

«እጣቢስ ቢሆን! እጣቢም ውኃ ነው። የገዛ ልጆቼ እንኳ አላሰቡለትም» አሉና በአጥሩ ላይ እጄን ያዙ። እጄ በረኪና ይሸት ነበር፤ አንሶላዬ መሰለዎት። ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ። ባለ ወይራው ባየኝ ቁጥር፣ «ባለ ውሰት ጥላዋ ኪራይዋን በባልዲ ትከፍላለች!» ይል ጀመር። ባለ ጽዷ እንኳ፣ ከሰው የማትስማማዋ፣ ራሷን ነቅንቃ «እንዲህ ነው ጎረቤት» አለችኝ። በዕድሜዬ ሰው እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም።

በዚያ ሳምንት እንደገና አጥሩ ላይ ጠሩኝ። ባልዲው በእጄ ነበር።

«ውለታሽን በምን ልክፈል ብዬ ሳስብ ባልሽን በመስኮት አየሁት» አሉኝ። «ሰዓቱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ። ለምን አልነገራችሁኝም? አፍ የላችሁም? ጋሼ መጋዝን ልኬባቸዋለሁ። መስኮታችሁ ላይ የተንሰራፋችውን ቅርንጫፍ ነገ ያወርዷታል።»

ባልዲውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት። ደርሰው ነበር፣ እትዬ። ሳልጠይቅዎ ደርሰው ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼ እርስዎ ፊት ከማስቀመጥ ይልቅ በየልብስ ማጠቢያው ቀን ባልዲ መሸከም ቀለለኝ።

ጋሼ መጋዝ በማግስቱ መጡ። የሰፈሩን ዛፍ ሁሉ የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ። አመላቸውን ያውቁታል። መጋዙን በጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈው ይመጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ግንዱን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉና «ይቅርታ፣ ጌታው» ይሉታል። ባለ ወይራው ሊስቅባቸው መጥቶ አጥሩ ላይ ተደግፏል።

«ጋሼ፣ ዛፉ ይቅር አልልም ካለስ?»

«እንግዲያው አንድ ቀን እሱም ይቆርጠኛል» አሉና ወጡ።

ቅርንጫፏ ስትወርድ ብርሃን እንደ ውኃ ቤታችን ገባ። ጠረጴዛው፣ ጉጠቱ፣ የተበታተኑት ጥርሳም ቀለበቶች ሁሉ አብለጨለጩ። ባለቤቴን እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ማጉያውን ሰካ። ፀሐይዋ እጁ ላይ ነበረች፤ በጣቶቹ መሐል ስታልፍ ቀይ ሆና ትታየኝ ነበር። ሰዓቱን አንስቶ አገላበጠው። አስጠጋው። አራቀው።

«ዛሬ ደመና ነው እንዴ?» አለኝ።

ጥላው አልነበረም። ዓይኑ ነበር፤ ከውስጥ ሲጨልም የቆየ። ከዝግባው ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጣቢዬን መንገድ ዳር ባለው ቦይ ደፋሁ። ሰልፍ ተሰልፌ ያመጣሁትን ንጹሕ ውኃ፣ እኛ ልንጠጣው የሚገባንን፣ ያ መርዝ እንዲታጠብ ብዬ ሥሩ ላይ አፈሰስኩ። እሱን ሳደርግ ማንም አላየኝም። ለመርዙ ተመሰገንኩ፤ ለውኃው ምስክር የለኝም። ዘግይቶም ነበር። ጫፉ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማ። ዝግባ ቅጠሉን አይጥልም ሲባል የሰማሁት ውሸት ነው፤ ጠዋት በሬን ስከፍት ደረጃዬ ላይ እንደ መርፌ ተከምሮ እጠርገው ነበር።

ሰፈሩ ምክንያት ፈለገ። ቅርንጫፏ በወረደች ማግስት የደረቀ ዛፍ፣ ምክንያቱ ማን ሊሆን ነው? «እጃቸው ከባድ ነው» አለች ባለ ጽዷ። «የታመመ ዛፍ የቆረጡበትን መጋዝ ይዘው መጥተው ነው» አለ ሌላው። ጋሼ መጋዝ መጋዛቸውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄዱ በፈላ ውኃ እንደሚያጥቡት ያየ ሁሉ ያን ቀን ረሳው። በር ሁሉ ተዘጋባቸው። ልጆች «ጋሼ ድርቄ» ይሏቸው ጀመር። እኔም እዚያ ነበርኩ። ባለ ጽዷ ስታወራ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። አንሶላውን በፊቴ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ።

እርስዎ አልከሰሷቸውም። ግን በርዎ ላይ ሲመጡ «ራሴን አሞኛል በያቸው» ብለው እኔን ላኩኝ። እኔ! ሄጄ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው እያዞሩ፣ «እውነታቸውን ነው» አሉኝ። «ይቅርታዬን አልተቀበለኝም።»

ዛፉን ሌሎች ሰዎች መጥተው ጣሉት። ባለ ወይራው እንኳ በዚያ ቀን ቀልድ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሰው መቼ እንደጀመረው ሳላውቅ «ባለ ዝግባዋ» ቀርቶ «ባለ ጉቶዋ» ተባሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰፈሩ ሰው የሚጠራው በዚያው ስለሆነ ነው። እርስዎም ሲጠሩ አቤት ይሉ ነበር። አንዴም ግን ቅርንጫፏን ለምን እንዳስቆረጡ ለሰው አልተናገሩም። ሲጠይቁዎት «ብርሃን አምሮኝ ነው» ይሉ ነበር። የእኛን መስኮት አላነሱም። እኔን ከሐሜት ሸሸጉኝ፣ ከምን እንደሸሸጉኝ ሳያውቁ።

ባለቤቴ ጨርሶ ሳያይ የኖረባቸውን ዓመታት እርስዎ ያዋሱኝን መጻሕፍት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ድምፅሽ ያምራል» ይለኝ ነበር። «ቀድሞ ለምን አታነቢልኝም ነበር?» ይለኛል። ምን እንደማስብ አያውቅም። በርቶ በዋለ ቤት ውስጥ ሁለታችን ተቀምጠን፣ ጥላ እንኳ አልቀረልንም። ሙቀቱን መጋረጃ አልቻለውም ነበር፤ ወለሉ ያኔ ነው መሰነጣጠቅ የጀመረው። አንድ ቀን ማንበቤን ሳቋርጥ ሰምቶ «ደከመሽ?» አለኝ። ደከመኝ አልኩት።

በመጨረሻው ሕመምዎ አንሶላዎን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራስዎን ሳስተካክል በመስኮቱ ጉቶውን እያዩ፣

«ያኔ ቅርንጫፏን ባላስቆርጥ ኖሮ» አሉ።

«ቅርንጫፏ አይደለችም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

በሩ ተከፍቶ ነበር። መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። ፊትዎን አየሁት፤ ትንሽ ነበር የቀረዎት፤ የቀረዎትንም በእኔ ላይ ሲያጠፉት ታየኝ። ወይስ ይህም ማታለያ ነው? እርስዎን ልጠብቅ ነበር ወይስ ራሴን? እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

«ዕድሜ ነው» አልኩ።

«ደግ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህ ግን አይረሳም።

አሁን ሰፈሩ ይፈርሳል። ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ወጣቶች በየግቢው ዞሩ። ትሑቶች ናቸው፤ ጫማቸውን ጠርገው ነው የሚገቡት። ያስረዱን ይህ ነው፦ ሰፈሩ ታሪክ ስላለው የመጀመሪያው ዛፍ ያለበት ግቢ ከነቤቱ ይጠበቃል፤ ዛፍ የሌለበት ይፈርሳል፣ በቦታውም ፎቅ ይሠራል። የባለ ወይራው ቤት ተርፏል። አርጅቶ በዱላ እየሄደ ወይራውን መታ መታ እያደረገ፣ «እኔ እሱን የምጠብቀው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ ነው የሚጠብቀኝ» ይላል። የባለ ጽዷም ተርፏል። በእርስዎ በር ላይ ግን ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ልጁ በብሩሽ ሲቀባ «እናቴ፣ እዚህ የቱ ዛፍ ነበር?» አለኝ። ዝግባ ነበር አልኩት። «ያሳዝናል» አለና ወደ እኔ በር መጥቶ እሱንም ቀባው። የቀያሹ ቤት፣ ይህ ሰፈር የጀመረበት ቤት፣ ቀድሞ ይፈርሳል። የልጅዎ ልጅ በስልክ ስታለቅስ ሰማኋት። ምን ልበላት? ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማስቆም አልችልም። ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ በየጠዋቱ እየሄድኩ ስላየሁት አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት ነው እንግዲህ ጋሼ መጋዝ የመጡት። በጣም አርጅተዋል። ቅዳሜ ልጃቸው መጥታ ወደ ራሷ ከተማ ልትወስዳቸው ነው። በተከፈተው በርዎ ገብተው ጉቶው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በጣታቸው ቆርቆር ሲያደርጉት በአጥሩ ላይ አየሁ። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«አንቺ ቅርብ ነበርሽ» አሉኝ። «መስኮትሽ ሥር ነው የሆነው። እስኪ ንገሪኝ፣ ልጄ፤ የእኔ እጅ ነው?»

ከጉቶው ሥር የበቀለውን አረም ጎንበስ ብዬ ነቀልኩ።

«እትዬ ሲታመሙ ሄጄ ነበር፤ አላስገቡኝም። አልፈረድኩባቸውም። ግን ያን መጋዝ አጥቤው ነበር። አጥቤው መሰለኝ። አሁን አሁን እንጃ፤ ሰው ሁሉ አላጠብክም ሲለኝ እኔም ማጠቤን መጠርጠር ጀምሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዛፍ አልነካሁም። ወደማላውቀው አገር ልሄድ ነው። ይህን ይዤው ልሂድ ወይስ እዚሁ ልተወው? አንቺ ካልነገርሽኝ የሚነግረኝ የለም።»

እትዬ፣ ምን እንዳልኩ ያውቃሉ?

«ጋሼ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» አልኩ።

አመጣሁላቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። መረቁኝ። «እስከ ቅዳሜ አለሁ» ብለው ግድግዳውን እየያዙ ወጡ።

ከዚያ ጀምሮ ነው ይህን የምጽፈው። ለእርስዎ መጻፍ ይቀለኛል፤ እርስዎ አይመልሱልኝም። እየጻፍኩ ስሄድ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ይቅርታ ልጠይቅ የተቀመጥኩት ሊመልሱልኝ ከማይችሉት ሰው ነው። ሊመልሱልኝ የሚችሉት ሰው ደግሞ ከዚህ ሁለት መታጠፊያ አልፎ፣ ዕቃቸውን አስረው ተቀምጠዋል።

የጠፋባቸውን ሥራ አልመልስላቸውም። በር የዘጉባቸው ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል፤ ሄጄ እሳቸው አልነበሩም ብላቸው የሚሰማኝ የለም። የእርስዎን ቅያሜም አላነሣላቸውም፤ ይዘውት ሄደዋል። ዶዘሩም አይጠብቀኝም። ሊሰድቡኝ ይችላሉ። ለሰፈሩ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ባለ ወይራውም አዲስ ስም ያወጣልኛል፤ ይገባኛል። ከዚህ ሁሉ የምፈራው ግን ግንዱን እንደሚያናግሩት ባርኔጣቸውን አውልቀው እሳቸው እኔን ይቅርታ እንዳይሉኝ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ጋሼ ማንበብ አይችሉም። ይህን ደብዳቤ እኔ አነብላቸዋለሁ። የተማርኩበትን ያን የጠርሙስ ጽሑፍ ሳልዘል አነባለሁ፤ «እጣቢ ነው» ያልኩትንም፣ «ዕድሜ ነው» ያልኩትንም። ድምፄ ቢቆረጥ ከተቆረጠበት ቦታ እቀጥላለሁ። ስጨርስ ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ፤ ባያነቡትም የእሳቸው ይሁን።

እርስዎ ደግ ነሽ ባሉኝ ጊዜ ያልመለስኩልዎትን አሁን ልመልስ፤ አልነበርኩም፣ እትዬ።

ባለ ውሰት ጥላዋ

ለጋሼ መጋዝ፣ ከቅዳሜ በፊት፣ በእጃቸው የሚሰጥ